የጸሐፊ ዙር ከየት መጣ

በቀደም ዕለት ሞጆ አንድ ጠጅ ቤት ተቀምጬ ሁለት የተከበሩ ሰዎች ሊፈናከቱ ሲሉ አየሁ። ጠቡ የርስት አይደለም፤ የሚስትም አይደለም። «የጸሐፊ ዙር የሚባለው የፈረስ አዟዟር ስሙን ከየት አገኘ?» የሚል ነው።

መቼም በዚህ አገር ከዱከም እስከ አዳሚ ቱሉ ፈረስ ያለው ሁሉ የጸሐፊ ዙርን ያውቃል። ለማታውቁት ግን ልንገራችሁ። ጉግስ ስትጫወቱ አሳዳጁ ዘንጉን ይዞ ከኋላችሁ ይመጣል። ሜዳው ሲያልቅ ወደ ቀኝ መታጠፍ የሁሉም ልማድ ነው። እናንተ ግን ፈረሱን ወደ ግራ ትለቁትና ሙሉ ክብ ታዞሩታላችሁ። አሳዳጁ በቀኝ በኩል ሊቀድማችሁ ይሮጣል፤ እናንተ በግራ ዞራችሁ ከጀርባው ትደርሳላችሁ። በቃ ይኸው ነው።

አንደኛው ሰውዬ «ቃሉ የመጣው ከጥንት ነገሥታት ግቢ ነው» ይላል። የንጉሥ ጸሐፊ ለንጉሡ ጀርባውን መስጠት ነውር ስለሚሆንበት በቅሎውን በክብ እያስኬደ ይሰናበት ነበር አሉ። ሁለተኛው ደግሞ «የለም! ጸሐፊ ብዕሩን ቀለሙ ውስጥ አዙሮ እንደሚያወጣው ነው» ብሎ በአባቱ አጥንት ይምላል። ብርሌ እስከ መወራወር ሲደርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጌታው፣ እርስዎ የተማሩ ይመስላሉ። ማናችን ነን ልክ?»

«ሁለታችሁም» ብዬ ጠጄን ተጎነጨሁ። ምን ላድርግ? አፌ በጥብቅ ትእዛዝ ታስሯል። ጸሐፊው እኔ ነኝ!

እኔ እንግዲህ ቀለም እንጂ ደም አይቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። ከአዲስ አበባ ተነሥቼ አዳማ ባቡር ጣቢያ የጭነት ጸሐፊ ሆኜ ስመጣ፣ ከፈረስ ጋር የነበረኝ ትውውቅ የሩቅ ሰላምታ ነበር። እሱም አይመልስልኝም። ከተቀመጥሁባቸው እንስሳት ሁሉ ትልቁ የአክስቴ በቅሎ ነበረች፤ እሷም ታማ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በነፋስ ነው። የአዳማን ነፋስ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ጠዋት አፈር ያለብሳችኋል፣ ማታ የለበሳችሁትን ይወስዳል። አንድ ቀን ባቡር ስቀበል አዲሱን ባርኔጣዬን ከራሴ ላይ ላጥ አድርጎ ወሰደው። ባርኔጣው እየተንከባለለ፣ እኔም «ያዙልኝ!» እያልሁ፣ አንዲት በቅሎ እግር ሥር ስንደርስ ከበቅሎዋ አጠገብ የቆመች ልጅ ጎንበስ ብላ አነሣችው። አመሰግናለሁ ልል ስል ባርኔጣውን ለበቅሎዋ አጠለቀችላት። በቅሎዋን አየች፣ እኔን አየች፣ ደግሞ በቅሎዋን አየች።

«ለሷ ይሻላል» አለች።

ያች ልጅ አስካለ ናት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የጭነት ዝርዝር ስጽፍ በርበሬውን ጨው፣ ጨውን በርበሬ ማድረግ ጀመርሁ። ስጠይቅ የግራዝማች ተክሌ ልጅ ናት አሉኝ። እዚህ ላይ ብልህ ሰው ቢሆን ኖሮ ያቆም ነበር። ግራዝማች ማለት በፈረስ ላይ ተወልደው በፈረስ ላይ ያረጁ፣ «ለአርባ ዓመት ጀርባዬን ዘንግ ነክቶት አያውቅም» እያሉ የሚፎክሩ፣ በእግሩ የሚሄድን ሰው ደግሞ እንደ በሽተኛ የሚያዝኑለት ሰው ናቸው።

እኔ ግን ሽማግሌ ላክሁ። ላክሁ ብቻ ሳይሆን ሽማግሌዎቹ «ስለ አንተ ምን ብንል ይሻላል?» ሲሉኝ «ልጅነቱን በሙሉ ፈረስ ላይ ነው ያሳለፈው በሉልኝ» አልሁ። ካፍ ከወጣ አፋፍ! ደግሞም ፍጹም ውሸት አይደለም። የሸንበቆ ፈረስ ነበረኝ።

ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ ፊታቸው የማይነበብ ሆነ።

«ምን አሉ?»

«የአባቱን ስም ሰምቻለሁ፣ ጽሕፈቱም መልካም ነው፤ ፈረስ ላይ ሲቀመጥ ግን አላየሁትም አሉ። ለጥምቀት ጉግስ ይምጣ፣ እኔው ራሴ አሳድደዋለሁ፤ ካልወደቀ እንነጋገራለን አሉ።»

«ከወደቅሁስ?»

«ከሞጆ ሌላ ሽማግሌ በጥር መጨረሻ ሊመጣ ተቀጥሯል።»

የሞጆው ሰው ሰባት ፈረስ አለው ይባላል። እኔ አንድ ባርኔጣ ነበረኝ፤ እሱም በቅሎ ለብሳዋለች።

እስከ ከተራ ድረስ በጀግንነት ስፈራ ቆየሁ። የከተራ ዕለት ግን መሸሻ ጠፋና ወደ ኦቦ ጉታ ሄድሁ። ኦቦ ጉታ ወደ አዋሽ መውረጃው ላይ የሚያርሱ፣ እህላቸውን ጣቢያ ሲያመጡ የተዋወቅን ደግ ሽማግሌ ናቸው። ዳማ የሚባል ደልዳላ ፈረስ አላቸው።

«ኣካም ጅርቱ፣ ኦቦ ጉታ?»

«ነጋ፣ ነጋ ልጄ፤ ደኅና ነኝ። ምን አመጣህ በዚህ ፀሐይ?»

«ዳማን እንዲያውሱኝ ነው። ነገ ጉግስ አለብኝ።»

ኦቦ ጉታ ፈረሱን አዩ፣ እኔን አዩ። «ዳማን? ለጉግስ?»

«ይሮጣል?»

«ኤዬ! ከጠዋት እስከ ማታ ቢሄድ አይሰለቸውም።»

«ሕዝብ ሲጮህ ይደነብራል?»

«ዳማ? አሥር ሰው ዱላ ይዞ ከኋላው ቢዘፍን ደስ ነው የሚለው።»

«ሰው ይጥላል?»

«ገበያ ተቀምጬው እሄዳለሁ፤ ጥሎኝ አያውቅም። ደግሞ ሥራውን ትናንት ነው የጨረሰ፤ አሁን እጁ ባዶ ነው።»

ልብ በሉ፤ ሰውዬው አንድም ውሸት አልተናገሩም። እኔ ነኝ ምን ሥራ ነው የጨረሰው ብዬ ያልጠየቅሁ። ወደ ቀኝ ይዞራል ወይ ብዬም አልጠየቅሁም። እስቲ ይሄ ይጠየቃል? ሰው ባቡር ሲሳፈር «ያፏጫል?» ብሎ ይጠይቃል?

ኮርቻው ላይ ወጣሁ። ዳማ ሰላማዊ ነው፤ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። «ይህም ነበር የሚያስፈራኝ?» አልሁ። ወደ ከተማ የሚወስደው መንገድ ጋ ስንደርስ ወደ ቀኝ ሳብሁት። እሱ እርጋታ ባለው አኳኋን ወደ ግራ ተጠመዘዘና ሙሉ ክብ ሠርቶ ወደ ቀኙ መንገድ ገባ። በክቡ መካከል አንዲት እንጨት ሻጭ ሴትዮና ሦስት አህዮቻቸው ነበሩ።

«የኔ ጌታ፣ ምን ጠፍቶዎት ነው የሚዞሩኝ?» አሉኝ።

«ልምምድ ነው እማማ» አልሁ።

እና ምን ብገምት ጥሩ ነው? የጦር ፈረስ ነው አልሁ! ኦቦ ጉታ ትሑት ሰው ስለሆኑ ሳይነግሩኝ ቀርተው ነው እንጂ፣ ይህ ፈረስ የታላቅ ሰው ፈረስ ሳይሆን አይቀርም፤ ጠላት እንዳይቀድመው ዞሮ መግባት የተማረ ነው አልሁ። ለራሴም የፈረስ ስም አወጣሁ። «አባ ነጎድጓድ» ልባል ወሰንሁ። መንገድ ላይ ለብቻዬ ሁለት ጊዜ ፎከርሁ።

በማግሥቱ ታቦታቱ ከጥምቀተ ባሕሩ ተነሥተው ሕዝቡ ሜዳውን ሞላው። ከግራ በኩል ዳስ ተጥሎ የግራዝማች ዘመድ አዝማድ ተቀምጧል፤ አስካለ ከአክስቷ አጠገብ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ አጣፍታለች። ከዳሱ ወዲህ ጎረምሶች ክብ ሠርተው ዱላቸውን እየነቀነቁ ይጨፍራሉ። ግራዝማች የአንበሳ ጎፈራቸውን ደፍተው፣ ጉራቻ የሚባለው ጥቁር ፈረሳቸው ላይ ጉብ ብለው ሲመጡ ጋሻዬን ከፍ አድርጌ ያዝሁ።

«አንተ ነህ ጸሐፊው?»

«ነኝ ጌታዬ።»

«ጋሻህን ገልብጠህ ነው የያዝኸው።»

አቃናሁት። «በል ቅደም» አሉኝ።

ተፈተለክሁ ልበላችሁ? ዳማ ነው የተፈተለከው፤ እኔ ተከትዬው ሄድሁ። ጋሻው ወዲያው ከእጄ ወደቀ። ዘንጌን በብብቴ ወትፌ ጋማውን በሁለት እጄ ጨብጫለሁ። ከኋላዬ የጉራቻ ኮቴ ይደልቃል። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ እኔ እንኳን መዋጋት መድረሱንም እየተጠራጠርሁ ነበር። በልቤ የማውቃቸውን ቅዱሳን ጨርሼ የማላውቃቸውን መጥራት ጀመርሁ።

ሜዳው አለቀ። ወደ ቀኝ መታጠፍ አለብኝ። ባለ በሌለ ኃይሌ ወደ ቀኝ ሳብሁ።

ያን ጊዜ ዳማ ጆሮውን አቆመ። በግራ በኩል ክብ የሠሩ ሰዎች አሉ። ዱላ ይዘዋል። ይዘፍናሉ። ለካስ ይህ ፍጡር ሁለት ወር ሙሉ ኦቦ ጉታ አውድማ ላይ ጤፍ ሲያበራይ ነው የከረመው! ከጠዋት እስከ ማታ፣ በግራ በኩል ብቻ፣ ክብ እየዞረ፣ ዱላ የያዙ ሰዎች እየዘፈኑለት ነዶ ሲረግጥ ነው የከረመው። ወዳጄ ለሥራ የተጠራ መሰለው። በሙሉ ልቡ ወደ ጨፋሪዎቹ ገሠገሠና ዙሪያቸውን ይዞራቸው ጀመር።

ግራዝማች መቼም በልማዳቸው በቀኝ በኩል ሊቀድሙኝ ቆርጠው ሄደዋል። ሲደርሱ እኔ የለሁም። ጉራቻን መልሰው በጨፋሪዎቹ ዳር ቆሙና «የት ገባ?» ብለው ወደ ፊት ያያሉ። እኔ ጨፋሪዎቹን ዞሬ በስተኋላቸው እየመጣሁ ነው! እንዳልጮህ ትንፋሽ የለኝም፤ እንዳላቆም ዳማ ሥራ ላይ ነው። ከብብቴ የወጣው የዘንግ ጫፍ ሄዶ ሄዶ ግራዝማች ጀርባ መካከል ላይ ደፍ!

«ይቅርታ ጌታዬ!» ብዬ አለፍሁ።

አርባ ዓመት ያልተነካ ጀርባ! ግራዝማች ዘወር ሲሉ እኔ ሁለተኛውን ዙር ጀምሬያለሁ። ፊታቸውን አዙረው በቀኝ ሲፈልጉኝ እኔ በግራ መጣሁ። ደፍ! አሁን ጎፈራቸው ወደቀ።

«ይቅርታ ጌታዬ! ይቅርታ!»

ሜዳው ጸጥ አለ። ጨፋሪዎቹ ዘፈናቸውን አቆሙ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ወይ ጥይት ነው ወይ ሳቅ ነው፤ የትኛው እንደሚሻለኝ አላውቅም ነበር። ልክ በዚያች ቅጽበት ከዳሱ ውስጥ አንዲት ሴት እልል አለች። አንድ ብቻዋን፣ ረጅም፣ ጥርት ያለ እልልታ። ከዚያ ሌላዋ ተቀበለች፤ ከዚያ ዳሱ በሙሉ፤ ከዚያ ሜዳው በሙሉ። «ወንድ! አቤት አዟዟር!» ይላል ሰው። እኔ ሦስተኛው ዙር ላይ ነኝ።

ኦቦ ጉታ ከሕዝቡ መካከል እየተጋፉ መጡና ምላሳቸውን ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ አደረጉ። ዳማ እንደ ግንብ ቆመ። እኔ ኮርቻውን አልፌ አንገቱ ላይ ተገኘሁ። አንገቱን አቅፌያለሁ፣ እግሮቼ ተንጠልጥለዋል፤ ግን ስሙኝ፣ መሬት አልነካሁም!

ግራዝማች ከፈረሳቸው ወርደው ወደኛ መጡ። ዳማን ዞሩት። ሆዱ ላይ ያለውን ነገር ቆንጥረው አነሡና በሁለት ጣታቸው አሹት።

«ጉታ፣ ይህ ምንድነው?»

«ገለባ ነው ጌታዬ» አሉ ኦቦ ጉታ፤ መዋሸት አያውቁም። «ትናንት በስቲያ ጤፍ ጨረስን።»

እኔም አላስቻለኝም። «ጌታዬ፣ ፈረስ ተቀምጬ አላውቅም፤ ዋሽቻለሁ። ልጅዎን እወዳታለሁ፤ ከዚያ በቀር እውነት ያለው ነገር የለኝም» አልሁ፤ አሁንም አንገቱ ላይ ሆኜ።

ግራዝማች አፈጠጡብኝ። «አርባ ዓመት!» አሉ በሹክሹክታ። «አርባ ዓመት ስንት ጀግና ያልነካው ጀርባ፣ ዛሬ በአውድማ ፈረስ ተነካ ሊባል ነው?»

ይህን ሲሉ ሕዝቡ ደረሰብን። «ግራዝማች! ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ዙር ነው?» አለ አንዱ።

ግራዝማች ገለባውን በመዳፋቸው ጨመቁት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከዚያ በፊትም በኋላም ሰምቼባቸው አላውቅም።

«የጸሐፊ ዙር ይባላል!» አሉ። «የድሮ ፈረሰኞች የሚያውቁት ነው፤ ከአያቴ ሰምቼው ነበር። ጠፍቷል ብዬ ነበር። ይህ ልጅ ጸሐፊ ነውና ከመጽሐፍ አገኘው። እንዲህ ያለውን ዙር ካልሆነ በቀር እኔን ማን ይነካኛል?»

ሕዝቡ «እውነት ነው! እውነት ነው!» አለ። ግራዝማች ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«ስማ። ገለባ የምትል ቃል ከአፍህ ብትወጣ ሠርጉ ቀረ!»

«የትኛው ሠርግ?»

«ዝም በል!»

ዝም አልሁ። በጥር መጨረሻ የሞጆው ሽማግሌ መጥቶ ተሸኘ፤ እኛ ከጾሙ በፊት ተጋባን።

ችግሩ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ፈረሰኛ ሁሉ «የጸሐፊ ዙርን አስተምረን» እያለ ጣቢያ ድረስ ይመጣ ጀመር። ጭነት እጽፋለሁ፣ ከመስኮቱ ፈረስ አንገቱን ያስገባል። ምን ልበላቸው? እያንዳንዱን ወደ ኦቦ ጉታ ላክሁ። «ፈረሳችሁን አንድ ወር አውድማው ላይ በግራ አዙሩት፤ ከኋላው መዝፈን አትርሱ» አልኋቸው። በቀጣዩ ዓመት ታኅሣሥ ከሞጆም ከአዳሚ ቱሉም የመጣ ባለ ወርቅ ኮርቻ ሁሉ የኦቦ ጉታን ጤፍ ሲወቃ ከረመ። ኦቦ ጉታ ጥላ ሥር ተጋድመው «ቀስ በሉ፣ እዚያ ጥግ አልረገጣችሁም» ይላሉ። እንዲያ ዓይነት ኩሩ ሠራተኛ አግኝተው አያውቁም።

አንድ ማለዳ ኦቦ ጉታን ልጠይቅ ስሄድ አውድማው ላይ አንድ ብቻውን የሚዞር ጥቁር ፈረስ አየሁ። ከኋላው አንድ ሽማግሌ ዱላ ይዘው እየዘፈኑ ይከተሉታል። ጠጋ ስል ጉራቻ ነው። ዘፋኙ ግራዝማች ናቸው። ደነገጥን፤ እሳቸውም እኔም።

«ፈረሱን… አየር ላስቀበለው ብዬ ነው» አሉ።

«ደግ አደረጉ ጌታዬ። ብቻ ጢምዎ ላይ…»

«ጢሜ ላይ ምን?» ዓይናቸው ፈጠጠ።

ቃሉን ልናገረው አልችልም! ትእዛዝ ነው። «ምንም ጌታዬ» አልሁ። ግራዝማች በጢማቸው ሙሉ ገለባ ተሸክመው በከተማው መሐል አልፈው ቤታቸው ገቡ። ያየ ሁሉ አዲስ የክብር ምልክት መሰለው።

በዚያ ዓመት ጥምቀት ላይ የሆነውን ማውራት አያስፈልግም። ሃያ ፈረሰኛ ወጣ፣ ሜዳው አለቀ፣ ሃያውም ወደ ግራ ዞረ። ማን ማንን እንደሚያሳድድ ሳይታወቅ ጀንበር አዘቀዘቀች። ካህናቱ «ልጆች፣ በቃችሁ፣ እኛንም አዞራችሁን» እያሉ ለመኑ።

እኔ እንግዲህ ቃሌን ጠብቄ ይኸው ስንት ዓመት ዝም ብያለሁ። በቤታችን የዚያች ነገር ስም አይጠራም፤ ፍራሽ ስናሠራ እንኳ «ያን ነገር ሙሉበት» ነው የምለው። ዛሬ ይህን መጻፌን ግራዝማች ቢሰሙ ይቀየሙታል ብላችሁ አትፍሩልኝ። የተጻፈ ነገር ሁሉ የማነብላቸው እኔው ነኝ፤ እዚህ ጋ ስደርስ እዘለዋለሁ።

ከሞጆው ጠጅ ቤት ቤቴ ስመለስ ግን ለአስካለ አወጋኋት። ንጉሡንም ብዕሩንም ነገርኋት። ስቃ ስቃ ወገቧን ያዘች።

«እኔ ምስኪን» አልሁ፣ «ከኦቦ ጉታ፣ ከአባትሽና ከእኔ በቀር እውነቱን የሚያውቅ የለም። አንቺም ዛሬ ልስማው ካልሽ ልንገርሽ።»

«ስለ ገለባው?» አለች።

ክው አልሁ። «ማን ነገረሽ?»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ ዓይን የለኝም? ገና ወደ ሜዳው ስትገባ ከጭራው እስከ ሆዱ ገለባ ተሰክቶበት አየሁት። አክስቴ ምነው ፈዘዝሽ ስትለኝ ነበር። ኋላ አባቴን ስትወጋቸው ሜዳው ዝም አለ። አጠገቤ አንዱ አፉን ሊስቅ ከፈተ። አንድ ሰው ከሳቀ ሁሉም ይስቃል፤ ከሳቁብህ አባቴም አይምሩህም፣ እኔም የሞጆው ሰው ሚስት ሆኜ መቅረቴ ነው። ምን ላድርግ? ቀድሜው እልል አልሁ።»

ከእሷ ጋር ቤቴ የተመለሰውን ያን ባርኔጣዬን ከግድግዳው አነሣችና ራሴ ላይ ደፋችልኝ።

«አሁን ላንተ ይሻላል» አለች።

እንግዲህ የጸሐፊ ዙር ከየት መጣ ተብላችሁ ብትጠየቁ ነገሥታቱንም ብዕሩንም ተዉአቸው። እኔና ዳማ ዞርን እንጂ ሌላ ያደረግነው ነገር የለም። ቃሉ የመጣው አንዲት ልጅ ሰው ከመሳቁ በፊት ቀድማ ካሰማችው እልልታ ነው።